የሞላ ቁመት

ጥቅምት 12 ቀን 1975

ዛሬ ጋሻዬን መርፌ ወጋሁት።

የላሊበላው ክሊኒካችን ጢም ብሎ ነበር የዋለው። የሚያስለው፣ ዓይኑን የሚያመው፣ ከገነተ ማርያም በቃሬዛ የመጣች ወላድ... ጋሻዬ ሰልፍ አይጠብቅም። የቀበሌው ሊቀመንበር አይደል? ሰዉ ራሱ ገለል ይልለታል። ገባና ሸሚዙን እየገለበ፣ "ይቺን የጀርባዬን እባጭ እያት እስቲ፣ እባክሽ" አለኝ። መግል ይዟል። አፈረጥኩለት፤ ፔኒሲሊን ወጋሁት።

"እጅሽ ለስላሳ ነው" አለ።

"እግዚአብሔር ይማርዎ" አልኩት።

እግዚአብሔር ይማርዎ... እንዴት ከአፌ ወጣ?

አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ወንድሜን ሞላን ኢሕአፓ ነህ ብለው ከሚያስተምርበት ክፍል ሲያወጡት ከፊት ከፊት የሚሄደው ጋሻዬ ነበር። እናቴ በማግስቱ ስንቅ ቋጥራ ቀበሌ ብትሄድ "ልጅሽ አምልጧል፣ ሱዳን ገብቷል" አላት። ደግማ ብትሄድ "አታድርቂን" አላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ በር አትቀረቅርም። ማታ ቢመጣ እንዳይቸገር ነው።

ሞላ ለእናቱ አንድ ቃል ሳይልክ ሱዳን የሚቀመጥ ልጅ አይደለም። ይህን እሷም ታውቃለች። አውቃ ነው የማትቀረቅረው።

መርፌውን ይዤ ስንት ነገር አሰብኩ። አየር ሞልቼ ደም ሥሩ ውስጥ ብለቅበትስ? አላደረግሁትም። ፈርቼ አይደለም። ተኝቶ እንዲሞትልኝ አልፈልግም። ለምን እንደሚሞት እያወቀ፣ ሰው ሁሉ እያየው...

ጥቅምት 21

ጋሻዬ ቁስሉን ሊያሳየኝ መጣ። ድኗል። ምነው እጄ በተበላሸ ኖሮ።

ኅዳር 3

ከገነተ ማርያም መንገድ በታች እርከን የሚሠሩት ሰዎች አጥንት አወጡ። የሰው አጥንት። ጎርፍ የበላው ገደል ሥር ነው። ወሬው ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ክሊኒክ ደረሰ። እጄ ላይ የነበረው ብልቃጥ ወድቆ ተሰበረ።

ሞላን የወሰዱት ሰሞን አብዮት ጠባቂዎቹ በዚያ መንገድ ሲመለሱ ያየ አለ ይባላል።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ማን ነግሯት እንደሆነ አላውቅም፣ ስገባ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች።

ኅዳር 6

መቶ አለቃ ደርበው አጥንቱን በጆንያ አስይዞ መጣ። ከደሴ የተላከ አዲስ የፖሊስ አዛዥ ነው፤ ቀጭን፣ ብዙ የማያወራ። በሩን ዘጋና ቁጭ አለ።

"ጋሻዬን የሚከስስ ሞልቷል" አለኝ። "በላይ በኩልም ጠልተውታል። ሬሳ ግን የለኝም። ያለ ሬሳ ዓቃቤ ሕጉ አይሰማኝም። ይህ ወንድምሽ ከሆነ ጋሻዬ አለቀለት።"

"የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"ከአጥንት ቁመት ይወጣል ይባላል። ጎንደር ጤና ኮሌጅ ተምረሽ የለ?"

"እኔ እህቱ ነኝ፣ መቶ አለቃ።"

"እስከ ወልድያ ሌላ ሰው የለኝም።"

ይወጣል፣ እውነቱን ነው። የጭን አጥንት ከሰው ቁመት ሩብ በጥቂት ያልፋል። ርዝመቱን በሦስት ከሦስት ሩብ ብታባዛው ባለቤቱ ቆሞ ሳለ ምን ያህል እንደነበር ይነግርሃል፤ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ነው። ያኔ ስማር ምን ይሠራልኛል ብዬ ነበር።

የሞላን ቁመት አልረሳውም። አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት። አየር ኃይል ልግባ ብሎ ሄዶ ለክተው "አጭር ነህ" ብለው መልሰውታል። ሳምንት ሙሉ ሰው አላናገረም። በኋላ ግን ራሱ ይቀልድበት ጀመር። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ "ቲቸር አንድ ስልሳ ሁለት" ነበር የሚሉት።

ጆንያውን ብቻዬን ፈታሁት። የራስ ቅሉ ደቅቋል፣ ጥርስ የለ፣ ልብስ የለ። ዳሌው የወንድ ነው። የጭኑን አጥንት ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። ጫፍና ጫፉን በሁለት ጉማጅ እንጨት አስደግፌ ሜትሩን ዘረጋሁ። እባክህ ሁን። እባክህ አንተ ሁን።

አርባ ሰባት።

ሌላኛውም አርባ ሰባት። አባዛሁት። አንድ ሜትር ከሰባ ስድስት።

የቀኝ ቅልጥሙ ደግሞ መሐሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። በልጅነቱ ተሰብሮ የገጠመ ነው። ሞላ እግሩን ተሰብሮ አያውቅም።

ወንድሜ አለመሆኑን ሳውቅ አለቀስኩ። ሰው እንዲህ ባለ ነገር ደስ ይለዋል እንጂ ያለቅሳል?

ኅዳር 8

ስሌቱ የፈረንጅ ነው። የላስታ ሰው ዕድሜውን ሽቅብ ሲወጣ ቁልቁል ሲወርድ የሚኖር... ጭኑ ለቁመቱ ቢረዝምስ? ይህን ይዤ አደርኩ።

ከትናንት ጀምሮ ክሊኒክ የመጣውን ወንድ ሁሉ ስለካ ዋልኩ። ከዳሌው ጎን እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያ ቁመቱን። በሽተኞቹ አዲስ ሕክምና መስሏቸው ዝም ብለው ይቆማሉ። ዘበኛችን ጥሩሰው ብቻ "የሬሳ ሣጥን ልታዢልኝ ነው?" አለኝ።

ጋሻዬም ብቅ አለ። "ይህ ደግሞ ለምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ለጥናት ነው።"

"እኔንም ለኪኛ።" ሣቀና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ለካሁት። ሜትሩ በእጄ ነው፣ አንገቱ ከፊቴ ነው። የጆሮው ሥር ሲመታ ይታየኛል። ጻፍኩና "ጨርሻለሁ" አልኩት።

ምን አተረፍኩ? የኛ ሰው ጭን በጥቂት ይረዝማል፣ እውነት ነው። በሦስት ከሦስት ሩብ ፈንታ በሦስት ነጥብ ሰባት ማባዛት ይበቃል። ያ ሰው ግን ያኔም አንድ ሰባ አራት ነው። እንዲህ ያለ ጭን ይዞ እንደ ሞላ የሚያጥር ሰው እግዚአብሔር አልፈጠረም።

ኅዳር 9

መቶ አለቃው መጣ።

"ስንት ሆነ?"

ሌላ ነገር ልናገር ነበር። እምላለሁ፣ ሌላ ነገር ነበር አፌ ላይ የነበረው።

"አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ወንድሜ ነው።"

ቃሌን ጻፈ፤ ፈረምኩ። ሲወጣ ራበኝ።

ጋሻዬ ሞላን ገድሏል። ይህ ሐሰት ነው? አይደለም። እንግዲያው የማን አጥንት ሆነ የማን ምን ለወጠ?

ኅዳር 11

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ገበያው መሐል ያዙት።

መቶ አለቃው ሆን ብሎ ነው ገበያ የጠበቀው። እጁን የፊጥኝ አስሮ በእህል ተራ፣ በጨው ተራ፣ በከብት ተራ አዞረው። ሰዉ ዝም ብሎ መንገድ ለቀቀ። እኔ ጨው ተራ ነበርኩ። አየኝ። ምን እንዳደረግሁት አልገባውም፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ገና ይገባዋል።

ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ሣቅሁ። ብቻዬን። እንዲህ ከሣቅሁ ቆይቻለሁ።

ኅዳር 14

አጥንቱን የናቴ አገር ገነተ ማርያም ቀበርነው። መምሬ ከፋለ ፈቱት። አጎቴ አረጋ ትንሽ ሣጥን አሠርቶ ነበር፤ ረዥሙ ጭን አልገባ ብሎ አጋድመው ከተቱት። አጎቴ አየት አደረገኝ። ዞር አልኩ።

እናቴ ሣጥኑ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ልያዘው ብላ ለመነች። ቅልጥሙን አንሥታ ጉብጠቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጎበጠው? መትተውት ነው?"

"አዎ፣ እምዬ።"

ሳመችው። ጉብጠቱ ላይ። ልጄ፣ ልጄ እያለች...

ይህንንም በጋሻዬ ሒሳብ ላይ እጽፈዋለሁ። ዋሽቼ ከሆነም ያስዋሸኝ እሱ ነው።

ኅዳር 25

እናቴ ትናንት በሩን ቀርቅራ ተኛች።

ታኅሣሥ 4

ከኩልመስክ አንዲት ሴት መጣች። ኸዲጃ ትባላለች። በእርዳታ መኪና ላይ ተሳፍራ፣ ከአቧራ ጋር አንድ ሆና። ከበሽተኞቹ ጋር ተራ ጠብቃ ገባች።

"እኔ ሕመም የለብኝም፣ እህቴ። ያን አጥንት ያየሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።"

ባሏ አባስ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ሞላ በጠፋበት ዓመት፣ በጋ ላይ፣ ወደ ላሊበላ ገበያ እንደወጣ ቀረ። በቅሎዎቹም ቀሩ። ሽፍታ ይሁን ሌላ፣ ያየ የለም።

"ያ ወንድሜ ነው። ተቀብሯል" አልኳት።

"ሰማሁ፣ አላህ ይማረው። እንደው ልጠይቅሽ ብቻ... የኔ ረዥም ነበር። ቤታችን ሲገባ ጎንበስ ይላል። ደግሞ በልጅነቱ በቅሎ ጥላው ይቺ ቅልጥሙ ተሰብራለች።" የራሷን ቀኝ ቅልጥም መሐሉ ላይ ያዘች። "ወጌሻው ሳያቃናት ነው የገጠመችው። ጉብ ያለች ነገር አላየሽም?"

የያዘችበት ቦታ... ልክ እዚያ ነው።

"አላየሁም" አልኳት።

"ወላሂ?"

"አላየሁም አልኩሽ።"

"አምስት ዓመት ሚስት ልሁን ባል የሞተባት ልሁን ሳላውቅ ተቀመጥኩ" አለች። ከዚያ ተነሣች። "በይ አብሽሪ። አንቺስ አገኘሽ፤ ለኔም አላህ ያውቃል።"

አጽናናችኝ። እሷ እኔን።

ታኅሣሥ 5

ብናገር ጋሻዬ ይፈታል። ይፈታና ነገ ሰልፉን ጥሶ ገብቶ ይቺን ጀርባዬን እያት ይለኛል። እናቴ በሩን መልሳ ትከፍታለች። አባስ ደግሞ እንደሆነ ሞቷል፤ የትም ቢተኛ ሞቷል። ሙት ምን ይጎዳል?

ኸዲጃስ?

ስለ ኸዲጃ አላስብም።

ታኅሣሥ 11

ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ። እስረኛ ታሟል ተባልኩ። ማን እንደሆነ እያወቅሁ ነው ቦርሳዬን ያነሣሁት።

ጋሻዬን ውስጥ እግሩን ገርፈውታል። ቆዳው ተልጧል። ዘበኛው በራፍ ላይ ቀረ። እያጠብኩት፣ አዮዲን እየቀባሁት፣ ሲንሰፈሰፍ አየሁት። ደግሜ ቀባሁት። ማስፈለጉንስ ያስፈልጋል፤ ግን አንዱ ይበቃ ነበር።

"ያ ሞላ አይደለም" አለኝ በሹክሹክታ።

"ማን ነገረህ?" አንተ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ሞላ ያለበትን አውቃለሁ።"

ፋሻውን መጠቅለሌን አላቋረጥኩም። ካቋረጥኩ አንቀዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

"አንቺም ታውቂያለሽ። የተማርሽ ነሽ፣ ይህ አይጠፋሽም። ለክተሻል። ዋሽተሽ ነው ያሳሰርሽኝ።"

"ለመቶ አለቃው ንገረዋ።"

ምን ብሎ ይንገረው? ያ ሞላ አይደለም ካለ፣ የታለ ሞላ ይሉታል። አምስት ዓመት ሱዳን ነው ሲለን ከርሞ አሁን የገዛ ምሥጢሩ ጉሮሮው ላይ ቆመ። ይህን ሳይ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

"ከገና በፊት ደሴ ሊወስዱኝ ነው። ይረሽኑኛል" አለ። "ቃልሽን መልሺ። የሞላን ቦታ እነግርሻለሁ።"

ቦርሳዬን ዘግቼ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 14

ፋሻ ልቀይር ሄድኩ። ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ምን እንደምለው አውቃለሁ።

"መጀመሪያ ቦታውን" አልኩት።

"መጀመሪያ ማይልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"የአጥንቱን ቁመት እንደለካሽው እንድትናገሪ። ጊዮርጊስን በይ።"

"የአጥንቱን ቁመት እንደለካሁት እናገራለሁ። ቤተ ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው።" እጄን አንሥቼ ማልኩ። አመነኝ። በጊዮርጊስ ምሎ የሚከዳ በዚህ አገር እንደሌለ ያውቃል።

ነገረኝ። አሸተን ተራራ ሥር፣ ከአብዮቱ ወዲህ ጠፍ የሆነው የባላባቱ ግቢ። አውድማው ዳር የእህል ጉድጓድ አለ፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ።

"በድብቅ አንሥተሽ ቅበሪው" አለ። "ለማንም ሳትነግሪ።"

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ነው ብሎ ወሰደው።

ከመውጣቴ በፊት ግን አላስቻለኝም። "ሞላ ምን አለ? መጨረሻ ላይ?"

ትንሽ አሰበ። "ውሃ ጠየቀ።"

"ሰጣችሁት?"

"አላስታውስም።"

አላስታውስም! እኔ አስታውስሃለሁ።

ታኅሣሥ 16

አጎቴ አረጋን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ቅዳሜ ስለሆነ አገሩ ገበያ ወርዷል። ለገና የሚመጡ እንግዶች ከወዲሁ በየመንገዱ ይታያሉ፤ እኛንም ተሳላሚ መስለናቸው "እንኳን አደረሳችሁ" ይሉናል።

ድንጋዩ ባለበት አለ። አጎቴ ፈንቅሎ አነሣው። የእህል ጉድጓድ አየሩ ሰው ይገድላል ብሎ አስቀድሞ ችቦ አውርዶ አየ። ችቦው አልጠፋም። ገመድ ታጥቆ ገባ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ብቻ መጣ፣ "አለ ልጄ።"

አንድ በአንድ አወጣልኝ። በነጠላዬ ተቀበልኩት። የጀርባው አጥንት ላይ ጥይት የገባበት ይታያል። ከኋላው ነው የመቱት።

ድንጋዩ ላይ አጋድሜ ለካሁት። ፀሐዩ ደህና ነበር፣ ቁጥሩ ይነበባል። አርባ ሦስት ከግማሽ። በጎንደሩ ስሌት አንድ ስልሳ ሦስት፣ በኔ ስሌት አንድ ስልሳ አንድ። ሞላ መሐላቸው ነው።

"እሱ ነው?" አለኝ አጎቴ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ያኛውስ ማን ነው? ሣጥን ውስጥ አልገባ ያለው?"

ነገርኩት። ሁሉንም። አጎቴ አፈሩን ከእጁ አራገፈ። "ጋሻዬን ብትገድይው አልፈርድብሽም ነበር" አለ። "ይቺን ሴትዮ ግን ምን አደረገችሽ?"

ታኅሣሥ 18

መቶ አለቃው ዘንድ ሄድኩ።

"የመጀመሪያው አጥንት ሞላ አይደለም። አንድ ሰባ አራት ነው። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት። ይኸኛው ነው ሞላ" ብዬ የተሸከምኩትን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ብድግ አለ። መልኩ ተለዋወጠ። "ለዚህ ልትታሰሪ እንደምትችይ ታውቂያለሽ?"

"እሰሩኝ። መጀመሪያ ግን ለኩት።"

ሜትሩን ከእጄ ነጠቀና ራሱ ለካ። ሁለት ጊዜ። ወረቀት ላይ አባዛ። ከዚያ የት እንዳገኘሁት ጠየቀኝ፣ ማን እንደነገረኝም። ነገርኩት።

ጋሻዬን ጉድጓዱ አፍ ላይ አመጡት። በቃሬዛ ነው፣ መራመድ አይችልም። እኔን ሲያይ ሁሉም ገባው። ገበያ መሐል ያልገባው ነገር አሁን ገባው። ይህን ፊት ነው አምስት ዓመት የጠበቅሁት።

"ምለሽልኝ ነበር" አለኝ።

"የአጥንቱን ቁመት እንደለካሁት ተናገርኩ" አልኩት። "የሁለቱንም።"

ያኔ አብሮት የነበረ አንድ አብዮት ጠባቂ ከወዲያ ማዶ ተይዞ መጥቶ፣ ጉድጓዱን ሲያይ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። ጋሻዬ ዓይኑን ጨፈነ።

ታኅሣሥ 19

ለእናቴ መንገር ከሁሉም ከበደኝ። አጠገቧ ተቀምጬ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳት።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሞላ አይደለም።

"ታዲያ ያ የማን ልጅ ነው?"

"አባስ ይባላል። ከኩልመስክ ነው። እስላም ነው።"

"አለቀስኩለት'ኮ። ሳምኩት'ኮ።"

"እምዬ..."

"ለሞላ ምን አስቀረሁለት?" አለች። እንባም አላወጣች። እጆቿን አየቻቸው። "እናት አለችው?"

"ሚስት አለችው። መጥታ ነበር። ዋሸኋት።"

እናቴ በሕይወቴ መትታኝ አታውቅም። ዛሬም አልመታችኝም። "ሂጂና ጥሪያት" አለችኝ ብቻ። ግን እንዲህ ብላ አይታኝ አታውቅም።

ታኅሣሥ 22

አባስን አወጣነው። መምሬ ከፋለ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ሳናውቅ የፈታነውን እግዚአብሔር ያውቀዋል" አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ኸዲጃ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር መጣች፣ ነጭ ጨርቅ ይዘው። ሣጥኑ ሲከፈት ቀጥታ ቅልጥሙን አነሣች። ጉብጠቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ እናቴ እንደዳሰሰችው። እናቴ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ሁለቱ አልተነጋገሩም፤ እናቴ ግን የጨርቁን አንድ ጫፍ ያዘችላት፣ እስኪጠቀለል አልለቀቀችም።

ወደ መኪናው ሲሄዱ ተከተልኳት። "ኸዲጃ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ ባይ ይሻለኝ ነበር።

"አይቻለሁ ብትይኝ ምን ነበረበት? ወላሂ ስልሽ ዓይን ዓይኔን እያየሽ..." ጨርቁን አቀፈችው። "ይቅርታውን ሌላ ቀን ጠይቂኝ። ዛሬ ሥራ አለብኝ።"

ታኅሣሥ 24

ሞላን ቀበርነው። የተሠራለት ሣጥን በልኩ ነው። እናቴ አላለቀሰችም። ሰው ሲያለቅስ ታየዋለች።

ጋሻዬንና ያን አብዮት ጠባቂ ዛሬ ደሴ ወሰዷቸው። የጋሻዬ ሚስት አሰለች መኪናውን ይዛ ስትሮጥ ነበር። ከክሊኒኩ መስኮት አየኋት። መጋረጃውን አልጋረድኩም፣ ዓይኔንም አልነቀልኩም። እስኪያልፍ አየሁ።

የካቲት 20

መቶ አለቃው አላሳሰረኝም፤ ብታሰር ክሱ ይበላሽበታል። ሥራዬ ላይ ግን አላስቀመጡኝም። ወደ ቆላ ተዛውሬያለሁ። በመጋቢት እወርዳለሁ።

ዛሬ ሊነግረኝ መጣ። ጋሻዬ ተረሽኗል።

"እሺ" አልኩት።

"ሌላ የምትይው የለም?"

ብዙ ነበረኝ። አምስት ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። የት እንደገባ አላውቅም። ቀሪዎቹን በሽተኞች ጨረስኩ፣ ቤት ሄድኩ፣ ጥግብ እስክል በላሁ። ለእናቴ ነገርኳት። "ውሃ ሰጥተውት ይሆን?" አለች። ስለ ጋሻዬ መሆኑ ነው።

አልተጸጸትኩም። ደግሞ ቢነሣ ደግሜ አስገድለዋለሁ።

መጋቢት 8

ወደ ቆላ ስወርድ መኪናው ኩልመስክ አደረ። ኸዲጃን ፈልጌ አገኘኋት። ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። አላስገባችኝም፣ አላባረረችኝም።

"ያ ሰውዬ ሞተ አሉ" አለች።

"ሞተ።"

"ደስ አለሽ?"

"አዎ።"

"በኔ ባል አጥንት ብቻ ቢሞትስ? በውሸቱ?"

ልዋሽ እችል ነበር። "ያኔም ደስ ይለኝ ነበር" አልኳት።

"እንግዲያው ይቅር በይኝ የምትይው ምኑን ነው?"

"አባስን። አንቺን።"

ይህን መልስ ትመን አትመን አላውቅም። ከዚያ ሻርፗን ጠምጥማ "ነይ" አለችና ፊት ፊቴ ሄደች። ከመስጊዱ በስተጀርባ፣ ቁልቋሉ አጥር ጥግ።

መቃብሩ ረዥም ነው። አጠገቡ ካሉት ሁሉ ይረዝማል።

"አጥንት ነው፣ ትንሽ ጉድጓድ ይበቃዋል አሉኝ" አለች። "አባስን አታውቁትም እንዴ፣ በቁመቱ ቆፍሩ አልኳቸው። መሬቱ ድንጋይ ነው። ቢያማርሩም ቆፈሩ።"

በራስጌው በኩል ቆሜ እስከ ግርጌው አየሁት።

"ልክ ነው?" አለችኝ።

"ልክ ነው" አልኳት።